የሀምዱ ሞተርና የአልፊያ ሶፋ

አልፊያ ውሸት አታውቅም። ይህን የምትለው እሷ ብቻ ብትሆን ኖሮ ባላመንናት፤ ግን ከአጠና ተራ እስከ 18 ማዞሪያ ያለ ጎረቤት ሁሉ ይመሰክርላታል። ባልና ሚስት ሲጣሉ እሷ ትጠራለች፤ ሁለት ሴቶች በአንድ ድስት ሲካሰሱ እሷ ትጠራለች፤ «አልፊያ ካለች አለች ነው» ይባልና ነገሩ ያበቃል። ይህ ክብር የሚከብዳት ቀን ይመጣል ብላ ግን አስባ አታውቅም። ቀኑ መጣ፤ ያመጣውም የባሏ የሀምዱ ሞተር ሳይክል ነው።

ሀምዱ ዕድሜውን የጨረሰው የአንድ መሥሪያ ቤት ሞተረኛ ሆኖ ደብዳቤ ሲያደርስ ነው። በወጣትነቱ የነዳት ጣሊያን ሠራሽ ሞተር አርጅታ መጋዘን ገባች፤ እሱም አርጅቶ ጡረታ ወጣ፤ መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። በጋሪ ጭኖ ያመጣት ዕለት ፊቱ ላይ የነበረውን ፈገግታ አልፊያ በሠርጋቸው ቀን እንኳ አላየችውም። ይህንንም አልረሳችለትም።

አልፊያና ሞተሯ ደግሞ የቆየ ትውውቅ አላቸው። አልፊያ ልጃገረድ ሆና በአባቷ ሱቅ ደጃፍ ስትቆም፣ ሀምዱ ጉዳይ ኖረውም አልኖረውም በዚያ መንገድ ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን እሷን ለማየት አንገቱን እንዳዞረ ከግንብ አጥር ጋር ተላተመ። የቤንዚን ታንከሩ ላይ ያለው ስርጉድ ከዚያ ቀን የቀረ ነው። በዚያ ዘመን አንዲት ልጃገረድ ሞተር ላይ ተፈናጥጣ ብትታይ ሰፈሩ ወር ሙሉ ያወራል፤ ከተጋቡ በኋላ ልጆች መጡ፤ ከዚያ ሞተሯ መጋዘን ገባች። እንዲህ እየሆነ አልፊያ አንድም ቀን ሳትፈናጠጥ ቀረች።

ሀምዱ በረንዳው ላይ ሞተሯን ፈታታት። ዕቃዋን በናፍጣ አጠበ፣ ዝገቷን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፣ እየሠራም አፏጨ። የጭስ ማውጫው ማርሚታ አልጋ ሥር ገባ፣ ካንዴላው ከስኳሩ ዕቃ አጠገብ ተቀመጠ፣ ብሎኖቹ በአልፊያ ሳህኖች ላይ ተደረደሩ። ይህን ሁሉ ቻለችው። አንድ ማለዳ ግን ታንከሩ እንዳይጫር ተብሎ ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋዋ ላይ፣ ከነቤንዚን ሽታው ተንጋሎ አገኘችው። ለዚያውም ልጃቸውን ዊዳድን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች በሚመጡበት ሰሞን። ለዚያውም እሷ ሁልጊዜ በምትቀመጥበት በኩል!

የሶፋውን ስፖንጅ አውጥታ ሽታው እንዲለቅ አጥሩ ላይ አሰጣችው። ወዲያው «ቆራሌው!» የሚል ጩኸት በደጅ አለፈ። አልፊያ በሕይወቷ ሳትከራከር የሸጠችው ዕቃ ቢኖር ያ ታንከር ነው። ቆራሌው ጆንያው ውስጥ ሲከተው እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ገባች።

ከሰዓት በኋላ ስፖንጁን ልታስገባ ብትወጣ አጥሩ ባዶ ነው። የቆራሌ ሌባ! ግን ለማን ትጩህ? «ቆራሌው ስፖንጄን ወሰደብኝ» ብትል «ቆራሌው እዚህ ምን ሊሠራ መጣ?» መባሉ አይቀርም። ዋጠችው።

ሀምዱ ሲመጣ ሳሎኑን ዞር ዞር ብሎ አየና ጠየቃት።

«አልፊያ፣ ታንከሬን አይተሻል?»

«እኔ የብረት ዘበኛ ነኝ?»

ይህ ውሸት አይደለም፤ ጥያቄ ነው። እንዲህ እያለች ራሷን አጽናናች። ሀምዱ ጮኾ ቢቆጣ ይሻላት ነበር፤ እሱ ግን ስፖንጅ በሌለው ሶፋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። በማግስቱ «ሌላ ልፈልግ» ብሎ አሮጌ ብረት ወደሚሸጥበት ወደ ምናለሽ ተራ ወጣ። በሌላውም ቀን ወጣ፣ ከዚያም በኋላ። ማፏጨቱንም ተወ። አልፊያ ልትነግረው አፏን ትከፍትና «ለስንቱ እውነት ተናገሩ ስል ኖሬ፣ ከእንግዲህ ማን ያምነኛል?» ብላ ትዘጋዋለች።

ከሰነበተ በኋላ አንድ ቀን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ እየሳቀ ገባ።

«አልፊያ! አላህ ሲሰጥ እንዲህ ነው! ከምናለሽ ተራ፣ ልክ የኔን የመሰለ! እይው እስቲ፣ ስርጉዱ እንኳ እዚያው ቦታ!»

አልፊያ ስርጉዱን አየችው፤ ስርጉዱም ያያት መሰላት። ይህ ሰው ጅል ነው ወይስ እያሾፈብኝ ነው? ፊቱን ብታጠናው ምንም አላገኘችበትም።

«ማሻአላህ» አለች። ይህም ውሸት አይደለም።

ሀምዱ ታንከሩ ውስጥ አንድ እፍኝ ብሎን ጨምሮ አፉን ወተፈና ሰጣት። «የውስጡ ዝገት እንዲለቅ ናጪው፤ እኔን ወገቤን ያመኛል።» አልፊያም ቅቤ እንደሚያወጣ ሰው ቁጭ ብላ ስትንጥ ዋለች።

ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት የስፖንጁን ቦታ በታጠፈ ብርድ ልብስ ሞላችው። ከሁሉም ወፍራሙ ሽማግሌ እዚያው መርጦ ተቀመጠና ሰመጠ። ጉልበቱ ከአገጩ እኩል እንደሆነ ዊዳድን ለልጃቸው ጠየቀ። ተፈቀደለት፤ ዱአ ተደረገ፤ ሻይ መጣ። ሀምዱም ይህን ሲጠብቅ ነበር።

«ይቺን ታንከር አንድ የማያውቅ ሰው ለቆራሌ ሸጧት፣ እኔ ምናለሽ ተራ አገኘኋት» አላቸው።

«ምን ዓይነት ሰው ቢሆን ነው?» አለ የሰመጠው ሽማግሌ።

«እኔም እሱን ነው የማስበው። አልፊያ፣ አንቺ ምን ትያለሽ? መቼም ውሸት አታውቂም።»

አልፊያን ሻዩ ትን አላት።

ከዚያ ወዲህ ወሬው ለጎረቤቱ ሁሉ ተነገረ። በያጁ ወዬሳ የሞተሯን ስብራት ሊበይድ በመጣ ቁጥር ሀምዱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይተርክለታል፤ ወዬሳም የብየዳ መነጽሩን አጥልቆ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል። አልፊያ ግን እንቅልፍ አጣች።

ሞተሯ የምትነሳበት ቀን ጎረቤቱ በር ላይ ተሰበሰበ። ሀምዱ ረገጠ፤ ሞተሯ አስነጠሰች። ደግሞ ረገጠ።

«ጋሽ ሀምዱ፣ ቤንዚኑን ከፍተውታል?» አለ ወዬሳ።

አልከፈተውም። ከፍቶ ሲረግጥ ሞተሯ አጓርታ ተነሳች፤ የኮብልስቶኑ አቧራ ቦነነ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። አልፊያ ከዚህ በላይ አልቻለችም። በሰው ፊት ልትናዘዝ ቆርጣ ወጣች።

«አንተ፣ የምነግርህ አለኝ።»

«ላይ ሆነሽ ንገሪኝ» አለና ከኋላው ያለውን ጨርቅ ገፈፈው። ረጅም፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቆዳ የለበሰ መቀመጫ ታየ።

አልፊያ ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ በጎን ወጣች። ተቀመጠች። በግራ በኩል ትንሽ ገባ ያለች ቦታ አለች፤ ዊዳድን ስታጠባ፣ ሽንኩርት ስትልጥ፣ የሰው ጠብ ስትሰማ የኖረችባት ቦታ። ከሺህ መቀመጫ መካከል ዓይኗን ጨፍና ታውቃታለች። ሞተሯ ከበሩ ከራቀች በኋላ ወደ ጆሮው ተጠጋች።

«ታንከሩን የሸጥኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ቆራሌው በዚያው ቀን 18 ማዞሪያ ላይ ‹ጋሽ ሀምዱ፣ ይሄ የእርስዎ አይደል?› ብሎ አስረከበኝ።»

«ታዲያ ምናለሽ ተራ ምን ስትሠራ ሰነበትክ?»

«ወንበር ሳሠራ።»

«በምን?»

ሀምዱ ማርሽ ቀየረ። አንገቱን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ መለሰላት።

«ተናድጄ ነበር። ስፖንጁን ከአጥሩ ያነሳሁት ወስጄ ልጥለው ነው። ከዚያ አንቺ የተቀመጥሽበትን ቦታ አየሁትና አንጀቴ እምቢ አለኝ። ይቺ ሴትዮ አንድ ቀን እንኳ አልተፈናጠጠችም አልኩ።»

አልፊያ ወገቡን ያዘችው። ደስ አላት፤ ደስ ማለቷንም አልደበቀችም፤ እስከ ቀራንዮ መንገድ ድረስ እንደ ልጅ ሳቀች።

ሲመለሱ ሴቶቹ ሞተሯን ከበቧት።

«አልፊያ፣ ይሄ የመሰለ መቀመጫ ከየት ተገኘ?»

ሀምዱ አንገቱን ደፋ። አልፊያ ሻርፗን አስተካከለች።

«ከምናለሽ ተራ ነው» አለች። «አንድ የማያውቅ ሰው ጥሎት።»

ሴቶቹም አመኗት፤ አልፊያ ካለች አለች ነው።