የዕጣኑ ተካፋዮች

በምርምር ተቋሙ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትሠራውን ፋርማሲስት ሁሉም «ከርቤ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው። ዕጣንና ከርቤ ስትፈጭ ስለምትውል ነው የሚሉ አሉ፤ የአፏን ምሬት የቀመሱት ግን ምክንያቱ ሌላ እንደሆነ ያውቃሉ። እሷ ራሷ ስትጠየቅ፣ «ከርቤ ቢመርም ቁስል ያደርቃል፤ እናንተ ጣፋጮቹ ማንን አዳናችሁ?» ትላለች።

ሥራዋ ሲያወሩት ቀላል ነው። ዕጣን ሙቀት ሲነካው ስለሚለጠፍ ሙቀጫም ወፍጮም አይገዛውም። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ውስጥ ታሳድረውና ጠዋት እንደ ጠጠር ሲደርቅ፣ ሐሳቡን ሳይቀይር ቶሎ ትፈጨዋለች፤ ዱቄቱን በካፕሱል ትሞላለች። ሽታው ከጋዋኗ ወደ ቦርሳዋ፣ ከቦርሳዋ ወደ ባሏ ምሳ ዕቃ ተሻግሯል። ባሏ ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ ስለሚውል ጓደኞቹ ሽታው ሲመጣባቸው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሥራ ላይ ነህ ወይስ ጸሎት ላይ?» ይሉታል።

የተቋሙ ዳይሬክተር ትልቅ ሰው ናቸው። ይህን የሚመሰክሩት እሳቸው ራሳቸው ስለሆኑ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም። በየስብሰባው «ዓለም በዕጣናችን ይፈወሳል» ይላሉ፤ ዓለምም ተራው እስኪደርስ ታሞ ይጠብቃል።

መጀመሪያ የተጠናው ከርቤ ነበር፤ ለድድ ቁስል መጉመጥመጫ። ፋርማሲስቷ በጥብጣ አዘጋጀችው፤ ምሬቱ ግን እንባ የሚያስመጣ ነበር። ሕመምተኞቹ አንድ በአንድ ጠፉ። እስከ መጨረሻ የዘለቁት ጥቂቶች ድዳቸው ተሻላቸው፤ መጉመጥመጫውን ያዘዘችላቸውን የጥርስ ሐኪም ግን ሰላም ማለት አቆሙ። ዳይሬክተሩ በሪፖርታቸው «አንዳንዶች በግል ምክንያት አቋርጠዋል» ብለው ጻፉ። ከርቤም አንብባ፣ «ልክ ነው፣ ምላስ የግል ነው» አለች።

ቀጥሎ የዕጣን ተራ ደረሰ። ዕጣን የጉልበት ሕመም ያስታግሳል ወይ የሚለው ሊጠና ነው። ከሕመምተኞቹ ግማሾቹ የዕጣን ካፕሱል፣ ግማሾቹ ስታርች ብቻ ያለበት ካፕሱል ይወስዳሉ። ማን የትኛውን እንደሚወስድ ሕመምተኛውም ነርሷም አያውቁም። የሰው ነገር ይታወቃላ፤ መድኃኒት መሆኑን ካወቀ ገና ሳይውጠው ይሻለዋል፣ ስታርች መሆኑን ካወቀ ደግሞ የጤናው እግሩም ያመዋል።

ከርቤን ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር ከነከናት።

«ዕጣኑ ይሸታል፤ ስታርቹ አይሸትም» አለቻቸው ዳይሬክተሩን።

«እና?»

«እና ሰዎቹ አፍንጫ አላቸው።»

«ሰው መድኃኒት ይውጣል እንጂ አያሸትም። ድመት መሰለሽ?» ብለው ወደ ስልካቸው ተመለሱ።

ሕመምተኞቹ በየሁለት ሳምንቱ እየመጡ ደም ይሰጣሉ፣ ጉልበታቸውን ያስመረምራሉ፣ አዲስ ብልቃጥ ይወስዳሉ። ተራቸው እስኪደርስ ኮሪደሩ ላይ ያለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው ዕድሜ ልካቸውን የአውቶቡስ ፍሪሲዮን ሲረግጡ ኖረው ግራ ጉልበታቸው ያለቀ ጡረተኛ ሹፌር ነበሩ። አጠገባቸው የስፌት መኪና ስትረግጥ ሁለቱም ጉልበቶቿ የከዷት ልብስ ሰፊ ትቀመጣለች። ከርቤ በዚያን ጊዜ አንዳቸውንም አታውቅም፤ ለእሷ ሁሉም ቁጥር የተለጠፈበት ብልቃጥ ነበሩ።

ጥናቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀጠሮ ሲቀረው ዳይሬክተሩ ትልቅ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዲያደርጉ ተጋበዙ። ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነውና፣ ማን ምን እንደወሰደ የሚያሳየው ኮድ ከጊዜው በፊት ተከፈተ። ውጤቱ አስደንጋጭ ሆነ፤ ሁሉም ተሽሏቸዋል።

በሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ደስ ይላል። በምርምር ቤት ግን ሐዘን ነው። ዕጣን የወሰደውም ስታርች የወሰደውም እኩል ከተሻለው ዕጣኑ ምን ሠራ? ዳይሬክተሩ ቢሯቸውን ዘግተው ዋሉ። በታመሙ ሰዎች መዳን እንደዚያን ቀን ያዘነ ሐኪም ያለ አይመስለኝም።

ከርቤ ግን አላመነችም። ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠውን የሕመምተኞቹን ደም አውጥታ መረመረች። ስታርች ብቻ ሲሰጣቸው በኖሩት ሰዎች ደም ውስጥ ዕጣን ተገኘ። ደግማ መረመረች፤ አሁንም ዕጣን።

«መሣሪያው ተበላሽቷል» አሉ ዳይሬክተሩ።

«በሌላ መሣሪያም አየሁት።»

ዳይሬክተሩ ስልካቸውን አስቀመጡ። «ብልቃጦቹን የምትሞዪው እንግዲህ አንቺ ነሽ» አሉ ቀስ ብለው።

«የሞላሁት እኔ ነኝ፤ የዋጥኩት ግን እኔ አይደለሁም» ብላ ወጣች። በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው፤ ሲያናድዷት በር ቀስ አድርጋ ትዘጋለች።

በሚቀጥለው የቀጠሮ ቀን ጋዋኗን አውልቃ አግዳሚው ጫፍ ላይ እንደ አስታማሚ ተቀመጠች። ብዙም አልጠበቀች። ብልቃጦቹ እንደታደሉ ሹፌሩ ከኪሳቸው ንጹሕ መሐረብ አውጥተው ጭናቸው ላይ ዘረጉ። ከግራም ከቀኝም ሰዎቹ ብልቃጣቸውን ገለበጡበት። ሹፌሩ አንዱን ካፕሱል አንስተው አሸተቱና ወደ ቀኝ አደረጉት፤ ሌላውን አሸተቱና ወደ ግራ። ከዚያ ከሁለቱም ክምር እኩል እኩል እያነሱ ለእያንዳንዱ ሰው በብልቃጡ መለሱለት። ግፊያ የለም፣ ጭቅጭቅ የለም። ተቋሙ ውስጥ እንዲህ በሥርዓት የሚሠራ ክፍል አልነበረም።

ከርቤ ተነስታ አጠገባቸው ቆመች። «አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እያከፋፈልኩ ነዋ። አንቺም ጉልበትሽን ያምሻል እንዴ ልጄ?»

«እኔ መድኃኒቱን የማዘጋጀው ነኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ብልቃጧን ወደ ጉያዋ ሸጎጠች። ሹፌሩ ግን አልደነገጡም። «እንግዲያው ያንቺ ጥፋት ነው» አሉ። «ለዚህች ሴትዮ የሰጠሻት ሽታም የለው። እሷ ደረጃ በቂጧ እየወረደች እኔ ለብቻዬ ልድን ነው?»

«አባባ፣ ይህ እኮ ጥናት ነው። ማንም ለማንም አይሰጥም።»

«ማን አለ? ስንጀምር ወረቀት አስፈርማችሁኛል። “የጥናቱ ተካፋይ ነኝ” ይላል። ተካፋይ ነህ አላችሁኝ፣ ተካፈልኩ።»

ምላሰኛዋ ከርቤ መሐረቡን አጣጥፋ መለሰችላቸው። ባልደረቦቿ ይህን ቢያዩ ለሹፌሩ ሐውልት ያቆሙላቸው ነበር።

ማምሻውን ቤቷ ገብታ ለባሏ ነገረችው። እሱ ሳቀ፤ እሷ ግን ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ያን ሁሉ ጊዜ የፈጨሁት በአንድ መሐረብ አለቀ» አለች።

«ሰዎቹ ታዲያ ምን አጠፉ?»

«ምንም። የሚያናድደኝ እሱ ነው።»

ባሏ ሳቁን ትቶ ሻይ ቀዳላት።

በማግስቱ ለዳይሬክተሩ ሁሉንም አስረዳቻቸው። ዳይሬክተሩ ጥቂት አሰቡና ፊታቸው በራ። «እንግዲህ ሁሉም ዕጣን ወስደዋል ማለት ነው። ሁሉምም ተሽሏቸዋል። “ዕጣን የወሰደ ሁሉ ተሻለው” ብል ውሸት አይደለም።»

«አይደለም» አለች ከርቤ። «ስታርች የወሰደም ሁሉ ተሽሎታል። ለምን የስታርች ምርምር ተቋም አንከፍትም? ዓለም በስታርቻችን ይፈወሳል።»

ዳይሬክተሩ ፊታቸው ጠቆረ። ጉባኤው ደርሷል፣ ንግግሩ ተጽፏል፣ አዲስ ሙሉ ልብስም ተሰፍቷል። ነገሩን በሆዷ እንድትይዘው ለመኗት፤ ቆየት ብለውም ስለ ቦታ ዝውውር አንዳንድ ነገር አነሱ። እሷ ግን ከዚያው ወጥታ የተቋሙን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ በር አንኳኳችና የመሐረቡን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው። ከርቤ እስክትጨርስ ድረስ ሰብሳቢዋ ለመቆጣት ሞከሩ፤ ሹፌሩ ስለ ወረቀቱ ያሉት ላይ ስትደርስ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ጥናቱ ተሰረዘ። ዳይሬክተሩ ጉባኤው ላይ ስለ ዕጣን ታሪክ ተናገሩ፤ ታሪክ ደም ምርመራ አይጠይቅም። ከርቤ አልተዛወረችም፤ ዕጣን መፍጨት የሚፈልግ ሌላ ሰው አልተገኘም።

ጥናቱ እንደገና ሲጀመር ሁሉም ሕመምተኛ አዲስ ነበር። ከርቤ የስታርቹን ካፕሱሎች ከዕጣን ቁርጥራጭ ጋር በታሸገ ቆርቆሮ ውስጥ እያቆየች ሽታው እንዲይዛቸው አደረገች። ጨርሳ ባሏን አስሸተተችው፤ መለየት አቃተው። አግዳሚውም ተነስቶ እያንዳንዱ ሰው በየሰዓቱ ለብቻው እንዲመጣ ተደረገ። በዚህ ዓይነት ጎረቤታሞች እንዳይተዋወቁ ተደርጎ ሳይንስ ዳነ።

ውጤቱም መጣ። ዕጣን የወሰዱት ስታርች ከወሰዱት ይልቅ በመጠኑ ተሽሏቸው ነበር። ደረጃ መውጣት ቀለል አላቸው፤ ከዘራ የጣለ ግን የለም። ከርቤ መደምደሚያው ላይ «ጥቂት ያግዛል፤ በትልቅ ጥናት መረጋገጥ አለበት» ብላ ጻፈች። ዳይሬክተሩ «ጥቂት» የምትለውን ቃል ሰረዙ፤ እሷ መለሰቻት። ሰረዙ፤ መለሰች። በመጨረሻ የደከማቸው እሳቸው ናቸው።

የድሮዎቹ ሕመምተኞች በየሁለት ሳምንቱ መገናኘታቸውን አልተዉም ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ውስጥ ተሰብስበው ስለ ጉልበታቸው ያወራሉ። ከርቤ ጽሑፉ የታተመበትን መጽሔት ይዛ ሄደች። ሹፌሩ አንብቢልን አሏት፤ ቀለል ባለ አማርኛ እየተረጎመች አነበበችላቸው። ሲያልቅ ሹፌሩ መጽሔቱን ወስደው አገላበጡት።

«ታዲያ እኛ የት ጋ ነን?»

«የላችሁም፣ አባባ። ስለተካፈላችሁ ተሰረዛችሁ።»

«ባንካፈል ኖሮ እንጻፍ ነበር?»

«ትጻፉ ነበር።»

ሹፌሩ ልብስ ሰፊዋን ዞር ብለው አዩ። እሷ በአንድ እጇ የስፌት መኪናውን ተደግፋ፣ ሌላውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቆማ ትሰማ ነበር።

«ይቅርብን» አሉና ለከርቤ ወንበር ሳቡላት።