አዳማ ስንገባ

አባቴ ትምህርት ቤት አላስገባኝም። ፊደል የቆጠርኩት ሚስት አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ ነው፤ የእርጥብ መረብ ሽታ ዛሬም በአፍንጫዬ ሽው ባለ ቁጥር ያ ንዴት ይነሳብኛል።

የምንኖረው ቆቃ ሐይቅ ዳር ነበር። አባቴ ዓሣ ያጠምድ ነበር፣ ሐሳቡ ግን ሁልጊዜ አዳማ ነበር። በበጋ ውሃው ሲሸሽ ጀልባውን አስሮ፣ ጭቃው ላይ በእንጨት የወደፊት ቤታችንን እየሳለ፣ እዚህ በር እዚያ መስኮት እያለ ሲያሰፋና ሲያጠብ፣ እናቴ ምሳው እየቀዘቀዘባት ትጠብቀው ነበር። ክረምት ገብቶ ውሃው ሥዕሉን ሲበላው ለከርሞ አንድ ክፍል ይጨምርበት ነበር።

አንድ መስከረም እናቴ የትምህርት ቤቱ መዝጋቢ ፊት አቆመችኝ። የልደት ወረቀት የሌለው ልጅ ቀኝ እጁን በአናቱ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ከነካ ለትምህርት ደርሷል ይባል ነበር፤ እኔም ነካሁ። ሮጬ ሄጄ ለአባቴ ሳሳየው ሳቀ።

«አዳማ ስንገባ ደህና ትምህርት ቤት ትገባለህ፤ እዚህ ጀምረህ ምን ታቋርጣለህ?» አለኝ።

«አዳማስ ትቆየን፣ የልጁ ዕድሜ ግን አይቆይም» አለችው እናቴ። አልሰማትም።

አዳማ የገባነው ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው፤ ከሕፃናት ጋር መቀመጥ አፍሬ ጋሪ ነዳሁ።

አባቴ አርጅቶ ጉልበቱን ሲያመው፣ ሶደሬ ፍል ውሃ ውሰደኝ ብሎ ለመነኝ። ግማሽ ቀን አይፈጅም። እኔ ግን ቤቴን ሠርቼ ስጨርስ አልኩት። ቤቱ ሰበብ ነበር፤ ሲጠብቅ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በረንዳ ላይ ሲቀመጥ፣ በፊቱ አልፌ እሄድ ነበር።

አንድ ቀን ልጄ፣ «አባባ ሁልጊዜ ፎጣ ይዞ የት ሊሄድ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

በማግስቱ መኪና ለምኜ ወሰድኩት። እግሩ ግን ከድቶት ነበርና፣ በለመነኝ ጊዜ ብወስደው በራሱ እግር ወርዶ ይገባ የነበረውን ሰው አዝዬ አስገባሁት። ሙቁ ውሃ ደረቱ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «በድዬሃለሁ፣ ልጄ» አለኝ።

«እኔም» አልኩት። ጀርባውን አሸሁለት።

እሱ ያኔ የበደለኝ ነገዬን ሲያስብልኝ ነው፤ እኔ ግን የበደልኩት እያወቅኩ ነው። በእኔና በእሱ መካከል የነበረው ነገር ያለቀው በዚያ ቀን፣ እዚያው ውሃ ውስጥ፣ በግንቦት ልደታ ማግስት፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው።