በረንዳው ላይ የተሰቀለው ቋንጣ

ትንሽ ቁስል አይታችሁ፣ «ይድናል» ብላችሁ አልፋችሁ ታውቃላችሁ? ባለፈው ሳምንት አትላንታ አቅራቢያ ዱሉዝ በሚባለው ከተማ በማስተምርበት ክፍል አንዲት ተማሪዬ ጣቷን ደብቃ ገባች። ሜዳ ላይ የወደቀች የሌሊት ወፍ ስታነሳ ነክሳታለች። እናቷን ጠርቼ ሐኪም ቤት ከላክኋቸው በኋላ ባዶው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከዓመታት በፊት፣ ኮሌጅ ልገባ የተዘጋጀሁበት ሰመር፣ የሙቀቱ ወራት ነበር። የምንኖረው ከአትላንታ ወጣ ብሎ አቮንዴል እስቴትስ አጠገብ፣ ፎቅ ላይ ነበር። እማዬ ኤርፖርቱ አጠገብ ኮሌጅ ፓርክ የሚባለው ሰፈር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ታጸዳ ነበር። «የዶርም ምግብ አንጀት አይጠግንም» ብላ ሥጋ ዘልዝላ፣ በበርበሬና በጨው አሽታ፣ በረንዳው ላይ ገመድ ወጥራ ሰቀለችልኝ። ቋንጣ ደረቅ አየር ይፈልጋል፤ የአትላንታ አየር ደግሞ እርጥብ ነው፤ ስለዚህ ፋን ከፈተችበት። ሽታው ፓርኪንጉ ድረስ ይሰማ ነበር።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ራኩን ወጣበት። ራኩን ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር የሆነ፣ ከድመት ተለቅ የሚል የዱር እንስሳ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ማታ ነው። ይሄኛው በቀን መጣ፣ እየተንገዳገደ። የሕመም ምልክት መሆኑን ያኔ አናውቅም። እማዬ በመጥረጊያ ስታባርረው እጇን ነከሳት።

«እማዬ፣ ኧርጀንት ኬር እንሂድ፣ ሐኪም ይየው።»

«ለጥርኝ? አገር ቤት ለሽቶ ሲባል ሰው ቤቱ ያኖረዋል። ውሻ ቢሆን እኔው ራሴ እሮጥ ነበር።»

«ጥርኝ አይደለም እኮ፣ ራኩን ነው።»

«ስሙን አንቺ አውጪለት። ነገ ሺፍት አለኝ። ይልቅ ቋንጣሽን እዪ፣ አትርፎልሻል?»

ሎሚ ጨምቃበት በጨርቅ አሰረችው። ቁስሉም ቋንጣውም ደረቀ። እኔም ዶርም ገባሁ።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ያ እጇ ይነዝራት ጀመር፤ ከዚያ ትኩሳት መጣ። ሆስፒታል ወስጃት ሐኪሙ እንስሳ ነክሷት እንደሆነ ሲጠይቅ ተረጎምኩላት። «ጥርኝ» አለች። «ራኩን» አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠ።

የእብድ ውሻ በሽታ የሚባለውን ራኩንም፣ ቀበሮም፣ የሌሊት ወፍም ያስተላልፉታል። እንደተነከሱ ቁስሉ ታጥቦ ክትባት ከተወሰደ ሰው ይድናል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚድን የለም ማለት ይቻላል።

«ውሃ ስጪኝ» አለችኝ። ብርጭቆውን ሳስጠጋላት፣ በሽታው ውሃ አያስውጥምና፣ ጉሮሮዋን ተናንቋት እጄን ገፋችው። ትንፋሿ ሲመለስ፣ «ልጄ፣ አንቺን አይደለም የገፋሁት» አለች። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ ያለችውን መለየት አልቻልኩም።

ቋንጣው ዛሬም ፍሪዘሬ ውስጥ አለ። ቤት በቀየርኩ ቁጥር አብሮኝ ይሄዳል።

እናንተ ግን ዛሬ ከሥራ ስትገቡ የእናታችሁን እጅ ያዙ። ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት። ጭረት ካለበት፣ ይሄ ምንድን ነው በሏት። «ምንም አይደለም» ካለች ጫማዋን አምጡላት።