በክረምት የወጣ መሠረት

አስተማሪ ክረምቱን ተጋድሞ ደመወዝ ይበላል ሲሉ ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ የተከራየንበት ግቢ ባለቤት፣ ትልቅ ሴትዮ ነበሩ፣ ሰኔ ሊያልቅ ሲል ሁሌም «እናንተስ ታድላችኋል ልጄ፣ መንግሥት ተኙ ብሎ ይከፍላችኋል» ይሉኝ ነበር። ይህን ባሉ ማግስት የልጅ ልጆቻቸውን ደብተር አስይዘው ይልኩብኛል፤ ነፃ ነኛ! እምቢ እንዳልል የምኖረው ሰርቪስ ቤታቸው ውስጥ ነው። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና እኔና ባለቤቴን ከያዘች በኋላ ለእንግዳ የሚሆን ቦታ አልነበራትም።

ባለቤቴም አስተማሪ ነው። እሱ ጂኦግራፊ፣ እኔ አማርኛ እናስተምር ነበር። ከዚያች ክፍል የምንወጣበት አንድ ተስፋ ነበረን፤ የመምህራን የቤት ማኅበር ውስጥ ገብተን፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ከሲኤምሲ አለፍ ብሎ፣ ሳሊተ ምሕረት ጀርባ፣ ጤፍ ይዘራበት ከነበረ ሜዳ ላይ ቦታ ደርሶናል። ያኔ እዚያ ድረስ የሚሄድ ታክሲ የለም። ከጉርድ ሾላ ወዲያ ያለውን የምንጨርሰው በእግራችን ነበር፤ ግን ቦታው የእኛ ነው፣ ማን ደክሞት!

ችግሩ ውሉ ላይ ነበር። በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ጣሪያ ያልለበሰ ቦታ ይነጠቃል። ሌላው ሰው ቤት የሚሠራው በበጋ ነው፤ በበጋ እኛ ጠመኔ ይዘን ቆመናል። ጠዋት ያስተማርነው ሳይበቃ ከሰዓትም ፈረቃ አለ፤ እሑድን የፈተና ወረቀት ይበላዋል። በጋው እንዲሁ አለፈና ግንቦት ላይ ለስብሰባ ተጠራን። ሁላችንም ቦታችን ሊወሰድ ነው ብለን ፊታችን አመድ መስሎ ገባን።

ቦታውን ከሰጠን ጽሕፈት ቤት የተላከው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «መምህራን ክረምቱን ሥራ የሌላችሁ መሆኑን ከግምት በማስገባት፣ ልዩ አስተያየት ተደርጎ ጊዜው እስከ ጳጉሜ ተራዝሞላችኋል» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አንዳንዶቹ ቆመው አጨበጨቡ። ባለቤቴም አጨበጨበ። ይህ ሰው በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ ዋልካ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል እያለ የሚያስተምር ሰው ነው። ያ ሜዳ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ዋልካ ነው።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አፍጥጬ ጠየቅኩት።

«በዝናብ፣ ዋልካ ላይ ነው መሠረት የምናወጣው?»

«ሌላ ጊዜ ካለሽ ንገሪኝ» አለኝ። ሌላ ጊዜ የለኝማ፣ ምን ልበለው!

ሐምሌ እንደገባ ጀመርን። የሜዳው ሙያተኞች ማን እንደሆንን ያየ ይስቅ ነበር፤ የስፖርቱ አስተማሪ ይቆፍራል፣ የእንግሊዝኛው አስተማሪ ብሎኬት ይሸከማል፣ የእኛ ዳይሬክተር ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ከጉድጓዳቸው ውሃ በባልዲ ይቀዳሉ። ቀን የቆፈርነው ሌሊት ሞልቶ ያድራል። ባለቤቴ ጥቁሩ አፈር ተነሥቶ ውሃ የማያሳብጠው ገረጋንቲ መሞላት እንዳለበት ያውቃል፤ ገረጋንቲ የጫነ መኪና ግን አስፋልቱ ካለቀበት ወዲያ ንቅንቅ አልል አለ። አንዱ ደፍሮ ገብቶ እስከ ጎማው እምብርት ሰጠመ። ከዚያ በኋላ የመጣ የለም። ስለዚህ ድንጋዩን ጭቃው ላይ ደረደርነው።

ግንበኛ ቀጥረን ነበር። ዝናቡ ሲጀምር የሲሚንቶ ቡኬቱ እንዳይታጠብ ዣንጥላ ይዤለት እቆማለሁ፤ እሱ ከጥላው ሥር ይገነባል፣ እኔ ከውጭ እበሰብሳለሁ። የተረፈን ሲሚንቶ ርጥበት ጠጥቶ ከነከረጢቱ ድንጋይ ሆነ። ማታ ቤት ስንገባ አከራያችን ጭቃችንን አይተው፣ «ምነው፣ ገበሬ ሆናችሁ እንዴ?» ይላሉ፤ ቀጥሎ ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንድ ቀን ማካፈል እያስረዳሁ እንቅልፍ ጣለኝና ሕፃኑ ቀሰቀሰኝ።

ግን ደረሰ። ጳጉሜ ላይ ቆርቆሮው ተመታ፤ የጽሕፈት ቤቱ ሰውዬ መጥቶ አየና ማኅተሙን መታልን። ያን ቀን አንድ ኪሎ ሥጋ ገዝተን ያልተለሰነው ክፍል ውስጥ ቆመን ጠበስን። ባለቤቴ ከክፍል ወደ ክፍል እየገባ እየወጣ ጮክ ብሎ ስሜን ይጠራኝ ነበር፣ ድምፁ ሲያስተጋባ ለመስማት ብቻ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። በማግሥቱ ለአከራያችን በገና እንለቃለን ብለን ነገርናቸው። እሳቸውም ሳይውሉ ሳያድሩ ለክፍሏ ሌላ ተከራይ አገኙ።

ትምህርት ተጀመረ፣ ፀሐይ ወጣ፣ አፈሩ መድረቅ ጀመረ። ኅዳር ላይ በሩ አልዘጋ አለን። ታኅሣሥ ላይ ከበሩ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ጣሪያው የሚሄድ ስንጥቅ አየን። መምህራን ክፍል ውስጥ ለሻይ ስንቀመጥ ቤት እንዴት ነው እንባባላለን፤ ሁሉም ደህና ነው ይላል፤ እኛም ደህና ነው እንላለን። የእኛ ብቻ መስሎን እፍረቱን ዋጥ አድርገን ነበር። አንድ እሑድ ግን የእንግሊዝኛውን አስተማሪ ግድግዳው ላይ ሲሚንቶ ሲመርግ ደረስንበት። ሲያየን ዘወር ብሎ ስንጥቁን በጀርባው ከለለው። ባለቤቴ ሰላም ብሎት አለፈ፤ ምንም እንዳላየ ሰው።

የእኛ ግን በመምረግ የሚድን አልነበረም። ጥር ላይ ባለቤቴ እጁን እስከ አንጓው ስንጥቁ ውስጥ አስገብቶ አሳየኝ። ሊያየው የመጣ ባለሙያ፣ ሰው አይግባበት፣ ፈርሶ ከመሠረቱ ይሠራ አለ። በምን? በየትኛው ጉልበት? በየትኛው ጊዜ? ክፍሏን ለቀን ገርጂ አንድ ጠባብ ቤት ተከራይተናል፤ ቤቱን የሠራንበት የማኅበሩ ብድር አለብን። ከብድሩ ለመውጣት ቦታውን ለአንድ ነጋዴ ሸጥንለት። ነጋዴው ግድግዳችንን በአንድ ቀን አፈረሰው። አፈሩ ደርቋል፣ መኪና እንደ ልቡ ይገባል፤ ገረጋንቲውን አስሞልቶ ክረምቱ ሳይገባ ጨረሰ። ቤቱ ዛሬም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ባለፍኩ ቁጥር ሳየው ያንገበግበኛል፤ ነጋዴው ምንም አላደረገኝም፣ ያንገበግበኛል እንጂ።

ሐምሌ ተመልሶ መጣ። ከተጋባን ወዲህ ምንም ሥራ ያልነበረን የመጀመሪያው ክረምት ነው። በመጀመሪያው ጠዋት ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው ባለቤቴ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ለባበሰና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ተኛ እንጂ፣ የት ልትሄድ ነው?» አልኩት።

«የትም» አለኝ። «እንዴት ነው ግን የሚታረፈው?» አለ። እየቀለደ አልነበረም፤ መልስ እየጠበቀ ያየኝ ነበር።

እኔም ከብርድ ልብሱ ሥር የሥራ ልብሴን ለብሼ ነበር የተኛሁት።