ከግድግዳ የተነበበ መርዶ

የታሪክ አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ መጀመሪያ ሳምንት ላይ ተማሪዎቼን የማስጽፋቸው አንድ ዓረፍተ ነገር አለኝ፦ «አንድ ሰው የነገረህን ወሬ በለው፤ ሁለተኛ ሰው ሲመሰክርልህ ታሪክ በለው።» ራሴ ያወጣሁት ስለሆነ እኮራበት ነበር። አሁን ሰሌዳው ላይ ስጽፈው ቶሎ ወደ ልጆቹ አልዞርም።

ነገሩ የጀመረው በእግር መንገድ ነው። የመገናኛ ታክሲ ሰልፍ ሲያስመርረኝ ወደ ቤቴ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። በእግሩ የሚሄድ ሰው ግድግዳ ያያል። ድልድይ ሥር፣ የትምህርት ቤት አጥር ላይ፣ ወጣቶች በቀለም የሞሏቸው ትልልቅ ሥዕሎች ነበሩ፤ ለዓመታት አጠገባቸው በታክሲ ሳልፍ አንዱንም ልብ አላልኩትም። በስልኬ ፎቶ እያነሳሁ፣ የሰፈሩን ሰው ታሪካቸውን እየጠየቅሁ ፌስቡክ ላይ መጻፍ ያዝኩ። ካራ ሰፈር አንድ አጥር ላይ የተሣሉትን ጥማድ በሬዎች ባለቤት ሳይቀር ፈልጌ አግኝቻቸዋለሁ። ኮንዶሚኒየሙ ሥር በቀረችው ቁራሽ መሬት አሁንም ያርሳሉ። «አንዱን አሳምረውታል፤ የሌላውን ግን ቀንዱን አበላሽተውታል» ብለው አማረሩልኝ። ይህችን ለማጣራት ሦስት ቅዳሜ ተመላልሻለሁ። ስለዚህ ማጣራት አላውቅም ነበር ብዬ ማመካኘት አልችልም።

በኋላ እማማ ያልኳቸው ሴት ሥዕል ያለው ከላምበረት ወደ ተራራው በሚወጣው መንገድ፣ አፈር እንዳይናድ በተሠራ ረጅም የድንጋይ ግንብ ላይ ነው። ሦስት ሰው ቁመት የሚያህል የአሮጊት ፊት፣ ከነጠላ ሥር ብቅ ያለ ሽበት፣ ከጀርባ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ሸክም፣ ዙሪያውን ነጫጭ ርግቦች። እንግዲህ በእኛ አገር የተራ ሰው ፊት በዚያ መጠን የሚሰቀለው መቼ ነው? ሙት ዓመት ሲወጣ አይደል! ቀና ብዬ እንዳየኋቸው በሆዴ «ነፍስ ይማር» አልኩ። ሥሩ ደግሞ ቀልጦ ያለቀ ሻማ አየሁ።

ፊት ለፊት ያለውን ባለሱቅ ጠየቅሁት።

«ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከሙ ልጆች ያሳደጉ እናት ናቸው» አለኝ።

«አርፈዋል?»

«መቼም . . . ነፍሳቸውን ይማር።»

ሰውየው ሱቁን ከከፈተ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም፤ ይህን አልጠየቅሁትም። እሱም እንደኔ ቀና ብሎ አይቶ ነው የፈረደው። ሻማው፣ በኋላ እንደሰማሁት፣ እዚያ በቆሎ የምትጠብሰዋ ሴት አመሻሽ ላይ ለሥራዋ የምታበራው ነው። ያኔ ግን ሁለተኛ ምስክር አድርጌ ቆጠርኩት። «ነፍስ ይማር፣ የእንጦጦ እናት» ብዬ እዚያው ቆሜ ጻፍኩ። ጽሑፉ ደግሞ አምሮልኝ ነበር፤ ይህ እስካሁን ያናድደኛል። በማግስቱ የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ እየተቀባበሉት አየሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሥዕሉ ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ሲያመሰግነኝ ልሰማ ነበር የሄድኩት። የሰማሁት ለቅሶ ነው። ጥቁር የለበሱ ሴቶችና ጋቢያቸውን ያደገደጉ አንድ ሽማግሌ ግንቡ ሥር ደረታቸውን ይደቃሉ። ከሰሜን ሸዋ በጠዋት ተነስተው መናኸሪያው የወረዱ ናቸው። የእማማ የድሮ ሰፈር ስለፈረሰ ቤታቸውን አያውቁትም፤ እኔ የለጠፍኩትን የሥዕሉን ፎቶ ለሰው እያሳዩ ነው ግንቡ ጋ የደረሱት። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ሥዕሉ ዘርግተው «እታለም! ሳልደርስልሽ!» ይላሉ። እታለም ታላቅ እህት የምትጠራበት ስም ነውና ወንድም መሆናቸው ገባኝ።

የሰፈሩ ሰው እየወጣ ተቀላቀለ። የሀገሬ ሰው ለቅሶ ሲሰማ ማን ሞተ ብሎ አይዘገይም፤ መጀመሪያ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። አንዲት አሮጊት እንባቸውን እየጠረጉ አጠገቤ ቆሙና፣ «የማን ቤት ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። ዞር ብዬ አየኋቸው። ግድግዳውን አየሁ። ክው አልኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አገር የሰማውን መሞታቸውን እሳቸው ገና አልሰሙም ነበር።

ሽማግሌው ሲያዩዋቸው እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ሁላችንም እማማ ቤት ገባን፤ እዚያ የጻፍኩት እኔ መሆኔን ተናዘዝኩ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ተነሱብኝ። ቢመቱኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ተዋት» አሉ እማማ። «ስኖርማ መቼ መጣህ?»

በእናታቸው ቤት ውርስ ተጣልተው አሥራ አንድ ዓመት አልተያዩም።

«እግዜር ይስጣት፣ ሞቼም ቢሆን አየሁህ። ልጆቼ አረብ አገር ናቸው፤ ያለኸኝ አንተ ነህ። አሁን ማልልኝ። ስሞት አፈር የምታለብሰኝ አንተ ነህ። ሌላ ምንም አልፈልግብህ።»

ሽማግሌው በእናታቸው አጥንት ማሉ። ከዚያ እየተላቀሱ ተቃቀፉ፤ እኔም በር ላይ ቆሜ አብሬ አለቀስኩ።

ጽሑፉን አጠፋሁት። ይቅርታ ጠይቄ እውነቱን ጻፍኩ፤ እሱን ግን የሚያነብ ጠፋ። የመጀመሪያውን ሌሎች ገልብጠው፣ ልጆችና ተአምራት ጨምረውበት ሲያዞሩት ከረሙ። ጎረቤቶች «ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል» እያሉ አጽናኑኝ። ይህን ቃል እንደ ሐኪም መድኃኒት ያዝኩት።

በየሳምንቱ እማማ ዘንድ እሄድ ጀመር። ሥዕሉን አይወዱትም። «ፎቶ ሲያነሱኝ ለመታወቂያ መስሎኝ ነበር» ይላሉ። «ደግሞ እንዲህ የታሰረ ሸክም ዳገቱን ሳትወርጂ ይበተናል። ርግብስ የት አየሁ? እኛን የሚከተለን ጅብ ነበር!» ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ብጠይቃቸው ኖሮ እያልኩ አዳምጣለሁ። ወንድማቸው እሁድ እሁድ ይደውላሉ። እማማ ስልካቸውን መቀነታቸው ውስጥ ስለሚቋጥሩት ፈትተው እስኪያወጡት ይቋረጣል፤ ሽማግሌው ይህን ያውቃሉና ደጋግመው ይደውላሉ። ለእኔም ቁጥራቸውን ሰጥተውኛል። «አስተማሪ፣ ዛሬስ ማንን ገደልሽ?» ይሉኛል። አብሬያቸው እስቃለሁ፤ ከልቤ ግን አንድ ቀንም አልሳቅሁም።

ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል፣ ጎረቤታቸው ደወለችልኝ። እማማ ከተኙበት አልነቁም።

ስደርስ ሴቶቹ እየገነዟቸው ነው። የእድሩ ሰዎች ቀብሩ በዕለቱ ዘጠኝ ሰዓት እንዲሆን ወስነዋል። ለወንድማቸው ማን ይንገር? መርዶ በስልክ ነውር ነው፤ ሰው ሄዶ፣ አጠገብ ተቀምጦ ነው የሚያረዳው። ግን ከመንደራቸው ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው መኪና አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ሰዓት ላይ ከደጃፋቸው ይነሳል። እሱ ካመለጣቸው ለቀብሩ አይደርሱም። ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። የእድሩ ሽማግሌ፣ «አንቺው ደውዪ፣ ምን ይደረጋል» አሉኝ።

ደወልኩ።

«አስተማሪ! በጠዋቱ?»

«ጋሼ . . . እማማ አርፈዋል።»

ሳቁ። «ደግሞ ጀመረሽ! አሁን ደግሞ የት ግድግዳ ላይ አየሻት?»

«እውነቴን ነው። ቤታቸው ነው ያለሁት። በእግዚአብሔር፣ መኪናው ሳይነሳ ይሳፈሩ።» አለቀስኩ።

«ተይ እንጂ፣ አታልቅሺ። ያንን ወሬ ዛሬም አንድ ሰው አስነብቦሽ ነው። ከትናንት ወዲያ አነጋግሬያታለሁ፣ ደህና ናት። በይ ስጫት፣ ታናግረኝ።»

«እንዴት ብዬ፣ ጋሼ . . .» ስል፣ «ግዴለም፣ እኔው እደውልላታለሁ» ብለው ዘጉት።

ትራሱ ሥር ስልክ ጠራ። ገናዦቹ እጃቸውን ሰብስበው ቆሙ። ጠርቶ ጠርቶ ተቋረጠ። እንደገና ጠራ። ሽማግሌው አልተቸኮሉም፤ እህታቸው መቀነታቸውን እስኪፈቱ እየጠበቁ ነው። በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ እኔን ያየኛል። አራተኛው ላይ አነሳሁት። ከወዲያ የመኪናው ክላክስ ይጮኻል። አፌን ሳልከፍት ሽማግሌው እየሳቁ ቀደሙኝ።

«አየሽልኝ፣ እታለም? ያቺ አስተማሪ ዛሬም ገደለችሽ።»