የበሬያችን ነገር በዩኒቨርሲቲ

እኔ ወሬ አላበዛም፤ ይህቺን ግን ሳልናገር አላድርም። መቐለ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ልጄ፣ «አቦይ፣ ሳስተምር እየኝ» ብላ ጠርታ ከኋላ አስቀመጠችኝ። ትምህርቱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሉት፣ የኮምፒውተሩ አዛዥ ነው።

«ሁለት ፕሮግራሞች እርስ በርስ ከተጠባበቁ ሁለቱም ይቆማሉ» አለች። «አባቴና አጎቴ አንድ አንድ በሬ አላቸው። አቀናጅተው ያርሱ ነበር። ከተጣሉ ወዲህ ግን ሁለቱም ‹እሱ ቀድሞ ይምጣ› እያሉ፣ ዝናቡ ጀምሮ ማሳው ጦሙን ሊያድር ነው።»

ተማሪው ሁሉ ሳቀ። ጋቢዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

«ታዲያ ቲቸር፣ መፍትሔው?» አለ አንዱ።

«አንዱ እሺ ብሎ ይቅደም።»

ያን ጊዜ ከፊት ተከናንቦ የተቀመጠ ሰው ዞር አለ። ወንድሜ! ለካ እሱንም ጠርታዋለች! አፉን ሊከፍት ሲል፣ እንዳይቀድመኝ ብድግ ብዬ ጮህኩ፦

«በሬዬን ነገ አመጣዋለሁ!»