ሬንጅ የያዘው ማሽላ

ዛሬ መኪና አጣቢው የመኪናዬን ቸርኬ በዘይት ሲያሽ፣ የሚለቀው ሬንጅ ሽታ ገዳሪፍ ይዞኝ ሄደ።

በዚያ የረሃብ ዘመን ከአክስቴ ጋር በመተማ በኩል ተሰደን ሱዳን እንደገባን ነው። ማሽላ የጫነ መኪና መንገድ ዳር ቆሟል። ሾፌሩ ጎማው ላይ የተጋገረውን ሬንጅ በሰሊጥ ዘይት እያራሰ በጨርቅ ይጠርጋል። የሚበላ ዘይት ለጎማ! ክው ብዬ ቀረሁ። እኛ ቅባት ከቀመስን ስንት ጊዜያችን!

አክስቴ ግን ዘይቱን ከቁም ነገርም አልቆጠረችው። ሾፌሩ የጣለውን ጥቁር ጨርቅ አንስታ ዘረጋችው። ከጆንያ አስፋልቱ ላይ የፈሰሰውን ማሽላ የጎማው ሬንጅ ይዞት፣ ጨርቁ ላይ ተጣብቆ ኖሯል። አንድ በአንድ እየለቀመች በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥር ጀመር።

«ኻላ፣ ኸሊ! ወሰኽ!» አለ ሾፌሩ ደንግጦ፤ እትዬ፣ ተዪው፣ ቆሻሻ ነው ማለቱ ነው።

«እህል ይታጠባል እንጂ አይጣልም፣ ልጄ» አለችው ቀና ሳትል።

ከዚያ አንዱን ፍሬ በምራቋ አጥባ አፌ ውስጥ ከተተችው። ሬንጅ ሬንጅ እያለኝ ዋጥኩት።

አሁን አጣቢው ጨርቁን ወረወረው። ሳላስበው ጎንበስ ብዬ አንስቼ ዘረጋሁት።

«እትዬ፣ ምን ጠፋዎት?» አለኝ።